ስድስት የባር ወንበር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፦ የአንድ ኩሽና የጉዳይ ጥናት

ፎቶው የመጣልኝ ማታ ሦስት ሰአት አካባቢ ነው፣ በቴሌግራም፣ ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የላከው። ስድስት ረጃጅም የባር ወንበሮች ግድግዳ ስር ተደርድረዋል፣ እግራቸው የብረት ቱቦ፣ ከታች እግር ሚያርፍበት ክብ ብረት ዞሮባቸዋል፣ መቀመጫቸው ክብ ሆኖ ቀይ ሌዘር ለብሷል። ከስሩ "ባሩ ከ2014 ወዲህ አልተከፈተም ሰውየው እቃውን እየሸጡት ነው፣ ስድስቱን 7,200 ብር ብለዋል ነጥለው አይሸጡም፣ ነገ ሌላ ሰው ሊያይ ይመጣል" ብሎ ጽፏል። እኛ ደሞ በዛ ሰሞን የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሰን ከሳሎን ጋር ቀላቅለን መሀሉ ላይ ባንኮኒ ካሰራን ገና ወር አልሞላንም፣ ባንኮኒው ብቻውን ቆሟል፣ ቤት የገባ ሁሉ "ሸጋ ነው፣ ግን ምን ላይ ልትቀመጡ ነው?" ይለናል። ቀዩን ሌዘር ሳይ ልቤ ሄደ በቃ። ያዝልኝ አልኩት።

ያቺ "ያዝልኝ" ናት እንግዲ ይሄን ሁሉ ያመጣችው። ሜትር ከመሳቢያ አላወጣሁም፣ የአክስቴን ልጅም ለካልኝ አላልኩት፣ እሱም ወንድ ልጅ ነው ካልነገርከው አይለካም።

በነጋታው አይሱዙ ላይ ተጭነው የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። አወረድናቸው፣ ባንኮኒው ጋ አስጠጋናቸው፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳ ስዘጋጅ ባለቤቴ አንዱ ላይ ወጣና ወደ ፊት ሊጠጋ ሲል ጉልበቱ ግራናይቱን ጓ! አደረገው። ትንሹ ልጄ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሜትሩን ያኔ ነው ያወጣሁት።

የኛ ባንኮኒ ከወለል እስከ ላዩ 92 ሴንቲ ነው። ግራናይቱና ከስሩ ያለው ጣውላ 4 ሴንቲ ይበላሉ፣ ከስር ሚተርፈው 88። የወንበሮቹ መቀመጫ 76። በመሀል የቀረው 12 ሴንቲ ነው ማለት ነው፣ እዛ ውስጥ ደሞ የህጻን ካልሆነ የማንም ጭን አይገባም። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ምለው ይሄን ነው፣ የባር ወንበር ሚባለው ነገር ሁለት አይነት ቁመት አለው፣ ፎቶ ላይ ግን መንትያ ናቸው። መጠጥ ቤት ባንኮኒው ከ105 እስከ 110 ሴንቲ ተደርጎ ነው ሚሰራው፣ ቆሞ ሚጠጣውም ቆሞ ሚቀዳውም እንዲመቸው፣ ለሱ 75 ምናምን ሴንቲ መቀመጫ ልኩ ነው። የቤት ኩሽና ግን ሽንኩርት ሚከተፍበት ሊጥ ሚታሽበት ስለሆነ ከ90 እስከ 95 ነው፣ ለሱ ሚሆነው ከ60 እስከ 68 ያለው ነው። ከመቀመጫው እስከ ባንኮኒው ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ክፍተት ካለ ሰው ይበላበታል ልጅም የቤት ስራ ይሰራበታል፣ ካነሰ ጭን ይታፈናል፣ ከበዛ ደሞ ትልቁ ሰውዬ አገጩን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ነው ሚያወራሽ።

ሁለተኛው ሂሳብ ቁጥሩ ነው። ባንኮኒያችን 190 ሴንቲ ይረዝማል፣ አንድ ሰው ክንዱን ሳያጣብቅ ለመቀመጥ 60 ሴንቲ ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚ ሦስት ሰው። እኔ ስድስት ነው የገዛሁት። (ባንኮኒ ሚለው ቃል ራሱ እኮ ከጣልያኖቹ ባንኮኔ የመጣ ነው፣ ቃሉን ስንወስድ ቁመቱንም አብረን ብንወስድ ኖሮ እኔ አልቸገርም ነበር።)

እናቴ ደሞ ሌላ ጉዳይ ነበራት። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ይሄ የመጠጥ ቤት አይደለም እንዴ?"

"ነበር እማ፣ አሁን ቤት ነው ሚቀመጠው፣ አጥቤዋለሁ እኮ።"

"ጀበናዬ ያለበት፣ ዱዓ ሚደረግበት ቤት የሰካራም ወንበር ታመጪብኝ?"

መልስ አልነበረኝም። እኛ ቤት ነገሩ እንደ ወሎ ነው፣ አባቴ ክርስቲያን እናቴ ሙስሊም፣ ሁለቱም ወገን አንድ ረከቦት ከቦ ነው ሚያድገው፣ ቡናው ላይ ግን ሹሟ እናቴ ናት ማንም አይነካትም። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጓሮ ወጥቼ ሳይ ስድስቱንም ደርድራ ወይራ አጭሳ እየዘቀዘቀች እንደ ወተት እቃ ታጥናቸዋለች። "ይሽተታቸው" አለችኝ ዞር ብላ ሳታየኝ። አንደኛውን እሳቱ ላይ አብዝታ ይዛው ኖሮ ሌዘሩ ጠርዙ ጋ ተኮማትሮ ተተረተረና ከስሩ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። እኔ ልቆጣ ነበር፣ አረንጓዴውን ሳይ ዝም አልኩ።

በዛው ቀን ወደ አናጢው ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው ምላቸው፣ የሳሎናችንን በር የሰሩት እሳቸው ናቸው፣ ሲሰሩ ብዙ አያወሩም ካወሩ ግን ጆሮ መስጠት ነው። ወንበሩን ጉልበታቸው ላይ ዘቅዝቀው ዙሪያውን የተመታውን ትንንሽ ምስማር በጉጠት አንድ በአንድ ነቀሉት፣ ዝገቱ ሌዘሩ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ሰርቷል። ቀዩ ወጣ። ከስሩ አረንጓዴ። አረንጓዴው ሲወጣ ጥቁር። ባለቤትየው በየዘመኑ አሮጌውን ሳያወልቁ ላዩ ላይ ነበር ሚያለብሱት። ጥቁሩ ስር ያለው ስፖንጅ ጣት ሲነካው እንደ በሶ ነው ሚበተነው። እሱን ጠረግ ሲያደርጉት ጠቆር ያለ ክብ እንጨት፣ ከሁለት ጣውላ የተጋጠመ፣ መሀሉ እንደ ምጣድ ጎድጎድ ተደርጎ የተጠረበ። ጋሼ በቢላ ጫፍ ከስሩ ትንሽ ልጥ አንስተው አሸተቱት።

"ዋንዛ ነው" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ይኸን ዛሬ ስሩልኝ ብትይኝ እንጨቱን ከየት አመጣዋለሁ?"

እውነታቸውን ነው። ዋንዛ ለመጥረብ ገር ነው፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም፣ በደጉ ጊዜ በሩም ወንበሩም ከሱ ነበር፣ በ1986ቱ የደን አዋጅ ግን ከዝግባ ከኮሶና ከጥድ ጋር ከመንግስት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ሆነ። አሁን ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ ሚገኘው ባህር ዛፍና ቺፑድ ነው። ቺፑድ ካልኩ ላይቀር፣ ስድስቱም ዋንዛ እንዳይመስላችሁ፣ አራቱ ናቸው። ሁለቱ ቀይ ሌዘር ብቻ ነበር ያላቸው፣ ስሩ ቺፑድ፣ ኋላ ላይ ቁጥር ለማሟላት የተሰሩ መሆን አለባቸው። ከላይ ሲታዩ ግን ከሌሎቹ ምንም አይለዩም ነበር። ከዛ ወዲህ አሮጌ ወንበር "ቪንቴጅ ነው" ብሎ ሚያሳየኝ ሰው ካለ መጀመሪያ ገልብጬ ሆዱን ነው ማየው።

ከአራቱ አንደኛው መቀመጫ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ሚያካክሉ ሰባት ስምንት ቀዳዳዎች ነበሩት። ነቀዝ! ብዬ ደነገጥኩ፣ አንድ የነቀዘ እቃ ቤት ካስገባሽ ቁምሳጥንሽም አልጋሽም ተራው ይደርሰዋል። ጋሼ "አብሽሪ፣ ነቀዙ ሄዶ ቤቱ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል" ብለው ጥቁር ፌስታል ላይ ደፍተው አስቀመጡት፣ በህይወት ካለ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ፌስታሉ ላይ ያራግፋል፣ ቀዳዳውም አፉ አዲስና ነጣ ያለ ይሆናል። አስር ቀን ቆይተን አየነው፣ ፌስታሉ ንጹህ ነው፣ የቀዳዳውም አፍ የጠቆረ ነው። አሮጌ ነው ተባለና ቀዳዳውን በኮላና በዛው እንጨት ብናኝ ደፈኑት።

እንግዲ ቁመቱ። መቁረጥ እንዳለብን ገብቶኛል ግን ፈርቻለሁ፣ አሮጌ እቃ መቁረጥ ሀጢያት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ካለው ቁልፍ አውጥተው የብረቱን እግር ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ አደረጉት፣ ከላይ ቂው ቂው ይላል፣ ታች ሲደርስ ድፍን ያለ የቆርቆሮ ድምጽ ሆነ። የጎማውን ኮፍያ ሲያወልቁት ዝገት እንደ በርበሬ ፈሰሰ። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ባር ወለሉ ማታ ማታ በውሃና በበረኪና ይታጠባል፣ ውሃው በጎማው ኮፍያ ውስጥ ይገባል መውጫ የለውም፣ ቱቦው ከውስጥ ነው የበሰበሰው፣ ከውጪ ቀለሙ ደህና ነው። ለካነው፣ የተበላው እስከ 9 ሴንቲ ድረስ ነው። እኔ ደሞ 76ቱን ወደ 64 ለማውረድ 12 ሴንቲ ማስቆረጥ ነበረብኝ።

"በይ ይኸው" አሉ ጋሼ፣ "ሚቆረጠውም የታመመውም አንድ ቦታ ነው።"

ብየዳ ቤቱ ጋ ግን ሌላ ልናበላሽ ነበር። ልጁ ሜትሩን ከእግሩ ጫፍ ጀምሮ ቱቦውን ተከትሎ 12 ሴንቲ ለክቶ ቀጥ አድርጎ ሊቆርጥ ግራይንደሩን አስነሳ። ጋሼ እጁን ያዙት። የነዚህ ወንበሮች እግር ወደ ውጪ ከፈት ያለ ነው፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ከቆረጥሽው የተቆረጠው አፍ ወለሉ ላይ ተኝቶ አይቀመጥም፣ በአንድ ጠርዙ ብቻ ይቆምና ሴራሚኩን ይፍቃል ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። መንገዱ እንዲህ ነው፣ ወንበሩን የተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ውሃ ልክ መቀመጫው ላይ አሳረፉ፣ ያነሰበት እግር ስር ካርቶን እያጠፉ ከተቱ አረፋዋ መሀል እስክትገባ፣ ከዛ 12 ሴንቲ ከፍታ ያለው የእንጨት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እርሳሱን በሱ ላይ አስተኝተው በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ አዞሩት። የወጣው መስመር ሰያፍ ነው፣ ለአይን የተሳሳተ ይመስላል፣ ሲቆረጥ ግን ወለሉ ላይ ልጥፍ አለ። ልጁ "እንዴ!" ብሎ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው።

አንድ ነገር ጠይቄ ነበር፣ እግሩ ሲያጥር አይገለበጥም ወይ ብዬ። በእግሮቹ መሀል ያለው ስፋት ከ44 ወደ 41 ሴንቲ ወርዷል፣ ግን ወንበሩም አብሮ ስላጠረ የባሰ ነገር አላየንም፣ ልጆቹ እየወጡ እየወረዱ ፈትነውታል። እግር ማሳረፊያው ክብ ብረትም ከመቀመጫው ያለው ርቀት አይቀየርም፣ 45 ሴንቲ ላይ ነው ያለው፣ ሚቀየረው ከወለሉ ያለው ብቻ ነው። እሱ ርቀት ትልቅ ነገር ነው፣ እግር ሚያርፍበት ከሌለ ሰው አስር ደቂቃ ሳይቀመጥ ጭኑ ይደነዝዛል። የብየዳውን ስፍራም ገልብጣችሁ እዩ፣ ከአራቱ አንደኛው ክቡ ብረት ከእግሩ ጋ በተበየደበት ቦታ ቀለሙ ላይ ጸጉር ሚያክል መስመር ነበረው፣ ልጁ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው ተላቀቀ። ሰው ሙሉ ክብደቱን ሚጥልበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ እሱን ወንበር ተውነው።

ቀለሙን ስናነሳ ጓሮ አወጣነው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከርን፣ ልጆቹን አስገብተን። የድሮ ቀለም ሊድ ሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ደረቁን ከፈገፈግሽው ብናኙ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ህጻን ያለበት ቤት ቀልድ አይደለም። ከዛ ዝገት መከላከያው አንቲረስት፣ ከዛ ጥቁር ቀለም፣ መቀመጫው ላይ ስስ ቫርኒሽ። ሌዘር መልሰን አላለበስንም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው ይሞቃል፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮት ሲነካ ፕላስቲክ ሌዘር ላይ መቀመጥ ማለት በረዶ ላይ መቀመጥ ነው። ዋንዛው ቶሎ ይሞቃል።

ሁለቱን ባለ ቺፑዶች ሳልቆርጥ እዚው ደሴ ጁስ ቤት ላላት የእህቴ ጓደኛ ሰጠኋቸው፣ የሷ ባንኮኒ 108 ነው፣ እግራቸውም ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። ልክ ሆነላት። እኔ ብር ከፍዬ እሷ በነጻ ማግኘቷ ትንሽ አናዶኛል፣ አልክድም።

መሀል ላይ ደሞ ልታለል ነበር። ወንበር ፈላጊ መሆኔን የሰማ አንድ እቃ ነጋዴ ሁለት የእንጨት ወንበር አሳየኝ፣ ጀርባቸው ክብ ሆኖ የተጠማዘዘ፣ "ኦሪጅናል ቶኔት ነው፣ የጣልያን ጊዜ" ብሎ ለአንዱ 9,000 ጠራ። ቶኔት ሚሉት እንጨት በእንፋሎት አጥፎ ወንበር ይሰራ የነበረ ጀርመናዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1859 ያወጣው 14 ቁጥር ሚባለው የካፌ ወንበር ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ አስር ቪትና ሁለት ዳዶ ብቻ ነው፣ ተፈታቶ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይጫን ነበር፣ አለምን የዞረው በዛ ነው። ይሄን ሁሉ ያነበብኩት በዛው ሳምንት ነው፣ ስለዚ ገልብጬ አየሁት። እውነተኛ የታጠፈ እንጨት ላይ የእንጨቱ መስመር ኩርባውን ተከትሎ አብሮ ይዞራል። ይሄኛው ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ እየመጣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል፣ ከሰፊ ጣውላ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ነው ማለት ነው፣ ሦስት ቦታም ተቀጣጥሏል። እንደዚህ ያለው ሚሰበረው እዛው ኩርባው ላይ ነው። ለነጋዴው ሳሳየው "እህቴ፣ አንቺ ደሞ እንጨት ታነቢያለሽ እንዴ" ብሎ 3,000 አደረገው። አልገዛሁም፣ እንደ ተራ ወንበር 3,000 ያወጣ ይሆናል፣ እንደ ቶኔት ግን አያወጣም።

ሦስቱ ወንበሮች ባንኮኒው ጋ ገቡ፣ አሪፍ ሆኑ፣ ሁሉም አበቃ ስንል እሁድ ቡና ላይ ሌላ ነገር መጣ። እናቴ ረከቦቷን እንደ ልማዷ ሳሎኑ ወለል ላይ አደረገች፣ ቄጤማው ተጎዘጎዘ እጣኑ ጨሰ፣ ጎረቤቶች መጡ፣ ከነሱ ሁለቱ አዲሶቹን ወንበሮች ሊያዩ ሄደው እዛው ላይ ተቀመጡ። እናቴ መሬት አቅራቢያ፣ እነሱ 64 ሴንቲ ላይ። ስኒ ልታቀብል ስትል እጇን ወደ ላይ ነው ምትዘረጋው፣ ሲያወሩ ወሬው በአናቷ ላይ ነው ሚያልፈው፣ እነሱም ጎንበስ ብለው ሲቀበሉ ከፈረስ ላይ የሚቀበሉ ይመስላሉ። አቦሉ ካለቀ በኋላ አንዷ ራሷ አፈረችና "ኧረ እኔስ እወርዳለሁ" ብላ ምንጣፍ ላይ መጣች። እናቴ ምንም አላለችም፣ ፈገግ አለች ብቻ፣ ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ።

ያኔ ነው የቤቱ መቀመጫ በአንድ ቁመት እንደማያልቅ የታየኝ። ባንኮኒው የጠዋት ሻይና የልጆች የቤት ስራ ነው፣ 20 ደቂቃ 30 ደቂቃ፣ ጀርባ የሌለው ወንበር ከዛ በላይ አይቻልም። ቡናው እስከ በረካ ሁለት ሰአት ነው፣ ዱዓም ካለበት ከዛ በላይ፣ እሱ መደገፊያና ዝቅ ያለ መቀመጫ ይፈልጋል። ስለዚ መጋዘን ውስጥ የነበረውን የአያቴን የጠፍር አግዳሚ አወጣን፣ እንጨቱ ወይራ ነው ምንም አልሆነም፣ ጠፍሩ ግን ደርቆ ተበጣጥሷል። የአክስቴ ልጅ (ጥፋቱን ሊክስ) ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ አዲስ ጠፍር አመጣልኝ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ ለስልሶ ነው ሚታታው፣ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል፣ ጋሼ ሲያትቱት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። መቀመጫው 38 ሴንቲ ላይ ነው፣ እናቴ ከምትቀመጥበት ብዙም አይርቅም፣ ስኒው በቀጥታ ይደርሳል።

ወጪውን ሳልደብቅ፣ ወንበሮቹ 7,200፣ አይሱዙው 600፣ ብየዳ ቤት 900፣ ጋሼ 2,500፣ ቀለምና ቫርኒሽ 1,100፣ ጎማ ኮፍያ 180፣ ጠፍሩ 1,400። በዚህ ብር ሦስት አዲስ ወንበር ማሰራት ይቻል ነበር ይላል ባለቤቴ፣ ይቻል ነበር፣ ቺፑድ ሆኖ። ጉልበቱን ገጭቶ ስለነበር እሱ ላይ ብዙ አልከራከርም።

የቀረው ያ ብየዳው የተላቀቀው አራተኛው ነው። ብረቱን ለቆራሌው ሰጠሁት። ክቧን ዋንዛ ግን ጋሼ ወስደው ሦስት አጫጭር የወይራ እግር ሰኩላትና 22 ሴንቲ ምትሆን በርጩማ አደረጓት፣ ጎድጓዳው መሀሏ ላይ እንዳለ ነው። እናቴ አሁን ቡና ምታፈላው እሷ ላይ ቁጭ ብላ ነው፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ታስነሳዋለች፣ "ጋሼ ለኔ ብለው የሰሯት" ነው ምትለው። ከየት እንደመጣች አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳት፣ ቴሌግራም ደሞ አትከፍትም።